ለጀማሪ የቤት ውስጥ እንጨት ሠራተኛ የሚያስፈልጉ መሣሪያዎችና የአደጋ መከላከያ ዘዴዎች

መግቢያ

የእንጨት ሥራ በኢትዮጵያ የአናጢ ሙያ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የወለቀ የበር ማጠፊያ የሚያስተካክል፣ ለመጻሕፍቱ መደርደሪያ የሚያበጅ፣ ለዶሮዎቹ ቆጥ የሚሠራ፣ ለልጆቹ በርጩማ የሚገጣጥም ሰው በየሰፈሩ አለ። ቀደም ሲል በመዶሻ፣ በመጋዝና በመጥረቢያ ይሠራ የነበረው ይህ ሥራ ዛሬ በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ፣ በክብ መጋዝና በተለምዶ ፍሌክሲብል በሚባለው መሣሪያ ጭምር ይከናወናል። በዚህም ምክንያት ቀድሞ በሠለጠነ ሰው እጅ ብቻ ይገኝ የነበረው ማሽን ሥልጠና ባላገኘ ሰው እጅ ገብቷል።

ሙያተኛው አናጢ ከባለሙያ ሥር ሆኖ ዓመታት ሲማር ከመሣሪያው አያያዝ ጋር ጥንቃቄውንም ይወርሳል። በቤቱ የሚጀምር ሰው ግን መሣሪያውን እንጂ ልምዱን ከገበያ ሊገዛ አይችልም። ስለዚህ ጣቱ ሲቆረጥ፣ ዓይኑ ውስጥ ፍንጣሪ ሲገባ ወይም ሳሉ አልለቅ ሲለው ስለ ጥንቃቄ የሚነግረው የመጀመሪያው ሰው ብዙውን ጊዜ የጤና ባለሙያው ይሆናል። የጤና ባለሙያው ምክሩን በሚገባ ለመስጠትም ሆነ ጉዳቱን በትክክል ለመመርመር የመሣሪያዎቹን ጠባይ ማወቅ ይኖርበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ለጀማሪ የሚያስፈልጉ ዋና ዋና መሣሪያዎችን ከሚያስከትሏቸው ጉዳቶች ጋር አያይዞ ማብራራት ነው።

የጉዳቱ መነሻ

በእጅ መሣሪያ እንጨት ሲሠራ የተጎዳ ሰው ሲመረመር ቁስሉ በአብዛኛው የሚገኘው መሣሪያውን በጨበጠው እጅ ላይ ሳይሆን እንጨቱን በያዘው እጅ ላይ ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው የግራ እጁን አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት ወይም መዳፍ ይቆርጣል። ይህ ቀላል ምልከታ የአደጋውን መነሻ በግልጽ ያሳያል። እንጨቱ ከጠረጴዛ ጋር ተጣብቆ ቢያዝ ኖሮ ያ እጅ በስለቱ መንገድ ላይ ባልተገኘም ነበር።

ሁለተኛው መነሻ የደነዘዘ ስለት ነው። ጀማሪው ስለታም መሮ አደገኛ፣ ደንዛዛ መሮ ደግሞ የማይጎዳ ይመስለዋል። እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ስለታም መሮ በጥቂት ግፊት እንጨቱን ሲቆርጥ፣ የደነዘዘው ግን ከፍተኛ ጉልበት ይጠይቃል። በዚህ ጉልበት የተገፋ መሮ ከእንጨቱ ላይ ሲንሸራተት የሚያቆመው ነገር የለም፤ የሚያርፈውም ከፊት ለፊቱ ባገኘው አካል ላይ ነው። ሦስተኛው መነሻ ድካምና ጥድፊያ ነው። ሌሊቱን በተረኝነት ያሳለፈ፣ ጫት የቃመ ወይም መጠጥ የጠጣ ሰው ከስለት ጋር መሥራት የለበትም።

ለጀማሪ የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች

ከላይ ከተጠቀሰው በመነሣት ጀማሪ በመጀመሪያ ሊገዛው የሚገባው መሣሪያ የሚቆርጥ ሳይሆን የሚይዝ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የተዘረዘሩት መሣሪያዎች በርጩማ፣ መደርደሪያና ቀላል ሣጥን ለመሥራት በቂ ናቸው።

ሀ. መያዣ መሣሪያዎች፦ ከጠረጴዛ ጋር በብሎን የሚታሰር ሞርሳ ወይም እንጨትን ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር አጥብቀው የሚይዙ ሁለት ተንቀሳቃሽ ሞርሳዎች ያስፈልጋሉ። ጠረጴዛው የማይነቃነቅና ቁመቱ እስከ ሠሪው ወገብ አካባቢ የሚደርስ ቢሆን ይመረጣል። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንጨትን በእግር ጣት ይዞ መሥራት የእግር ቁስል ያስከትላል፤ ወገብንም ይጎዳል።

ለ. መለኪያ መሣሪያዎች፦ ሜትር፣ ስኳድራ፣ ውኃ ልክና እርሳስ ናቸው። እነዚህ ከደኅንነት ጋር ግንኙነት የሌላቸው ይመስላሉ። ሆኖም በትክክል የተለካ እንጨት አንድ ጊዜ ብቻ ይቆረጣል። በስሕተት የተለካ ግን በትንንሹ ደጋግሞ መከርከምን ስለሚጠይቅ እጅን ወደ ስለቱ ያቀርባል።

ሐ. የእጅ መጋዝ፦ ለጀማሪ አንድ መካከለኛ መጋዝ ይበቃዋል። መቁረጥ ሲጀመር መጋዙን ወደ ራስ በቀስታ ሁለት ሦስት ጊዜ ስቦ መንገድ ማስያዝ፣ መሪ የሆነውንም እጅ አውራ ጣት ከጥርሱ ከፍ አድርጎ ማራቅ ይገባል። ቆረጣው ሊያልቅ ሲል ግፊቱ መቀነስ አለበት።

መ. መሮና መላጊያ፦ መሮ ሁለቱም እጆች ከስለቱ በስተኋላ ሆነው ወደ ውጭ ይገፋል እንጂ ወደ ሰውነት አይሳብም። ከመሮው ጋር የመሳያ ድንጋይ አብሮ ሊገዛ ይገባል፤ ያለ መሳያ የተገዛ መሮ ከጥቂት ቀናት ሥራ በኋላ ከላይ የተገለጸው አደገኛ መሣሪያ ይሆናልና። መላጊያ ሥራ ሲያበቃ ስለቱ ወደ ውስጥ ገብቶ በጎኑ ይቀመጣል።

ሠ. መዶሻ፣ ጉጠትና ካቻቢቴ፦ የመዶሻው ራስ ከእጀታው ጋር የጠበቀ መሆኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይፈተሻል። አነስተኛ ምስማር ሲመታ ምስማሩን በጣት ከመያዝ ይልቅ በጉጠት ወይም በወፍራም ወረቀት መያዝ ጣትን ያድናል። ከአሮጌ እንጨት ላይ የተነቀለ ምስማር ወዲያው በቆርቆሮ መሰብሰብ ይኖርበታል። በግቢ ውስጥ የተጣለ ዝገታም ምስማር የሚወጋው ብዙውን ጊዜ ሠሪውን ሳይሆን በባዶ እግራቸው የሚሮጡትን ልጆች ነው።

ረ. መከላከያዎች፦ ጎኑ የተሸፈነ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ የብናኝ መከላከያ ጭምብል፣ የጆሮ መከላከያና ጣትን የሚሸፍን ጠንካራ ጫማ ናቸው። እነዚህ ከመሣሪያዎቹ ጋር አብረው የሚገዙ እንጂ ወደፊት ገንዘብ ሲገኝ የሚሟሉ ተብለው የሚታለፉ አይደሉም።

የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች

የኤሌክትሪክ መሣሪያ ጉልበትን የሚያበዛውን ያህል ስሕተትንም ያበዛል። በእጅ መጋዝ የተሳሳተ ሰው ቆዳው ይጫራል፤ በክብ መጋዝ የተሳሳተ ግን ጣቱን ሊያጣ ይችላል። በአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ግምት መሠረት በዚያች አገር በየዓመቱ 30,000 ያህል ሰዎች በጠረጴዛ መጋዝ ምክንያት ተጎድተው ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል ይመጣሉ። ከእነዚህ ውስጥ ወደ 4,000 የሚሆኑት አካላቸው የተቆረጠ ነው። ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ የተጎዱትም ከስለቱ ጋር በመነካካት ነው። ስለዚህ የስለቱን መሸፈኛና ከስለቱ በስተኋላ የሚቆመውን መለያ ብረት አውልቆ መሥራት ፈጽሞ አይገባም። እንጨቱ ወደ ስለቱ ሲቃረብም የሚገፋው በእጅ ሳይሆን በመግፊያ ዱላ ነው።

ለጀማሪ የሚመረጠው የመጀመሪያ የኤሌክትሪክ መሣሪያ መሰርሰሪያ ነው። የሚበሳው እንጨት በሞርሳ መታሰር አለበት፤ አለበለዚያ መሰርሰሪያው ሲነክስ እንጨቱን ከእጅ ነጥቆ ያሽከረክረዋል። ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ነጥቦችም ሊታወሱ ይገባል።

በሚሽከረከር መሣሪያ ሲሠራ ጓንት አይደረግም። ጓንቱ በስለቱ ወይም በመብሻው ሲያዝ እጁን አብሮ ይጎትታልና። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ሰፊ እጅጌ፣ የአንገት ሐብልና ቀለበት መወገድ አለባቸው፤ ረጅም ፀጉርም መታሰር አለበት።

በፍሌክሲብል ላይ የእንጨት መጋዝ ጥርስ ገጥሞ መሥራት እጅግ አደገኛ ልማድ ነው። አነስተኛው 115 ሚሊ ሜትር ፍሌክሲብል በደቂቃ እስከ 11,000 ጊዜ ገደማ የሚሽከረከርና ብረትና ድንጋይ ለመሞረድ የተሠራ ነው። ጥርሱ በእንጨቱ ውስጥ ሲነክስ መሣሪያው በቅጽበት ወደ ሠሪው ይወረወራል። ፊት፣ አንገትና ጭን የሚጎዱትም በዚህ ምክንያት ነው።

የኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት በመሆኑ የተላጠ ገመድ፣ በእርጥብ ግቢ ላይ የተዘረጋ ማራዘሚያና በባዶ እግር መሥራት ለሕይወት ያሰጋሉ። በክረምት ወራት በውጭ ከመሥራት መቆጠብ ይመረጣል። መብራት በሥራ ላይ እንዳለ ቢጠፋ የመሣሪያው ማብሪያ ወዲያው ተዘግቶ ሶኬቱ መነቀል አለበት፤ የተረሳ መሣሪያ መብራቱ ሲመለስ ሰው ሳይዘው በራሱ ይነሣልና። መብሻ ወይም ስለት የሚለወጠውም ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ብቻ ነው።

ዓይንና ጆሮ

መሮን በመዶሻ መምታት፣ ምስማር መቁረጥና ፍሌክሲብል መጠቀም በፍጥነት የሚበር ትንሽ ፍንጣሪ ይፈጥራሉ። ወደ ዓይን ውስጥ ዘልቆ የገባ የብረት ፍንጣሪ በመጀመሪያው ቀን ብዙ ሕመም ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ብረት በብረት ሲመታ አንድ ነገር ዓይኔን ነካኝ የሚል ሰው እይታው ደኅና ቢሆንም እንኳ በጥንቃቄ መመርመር አለበት። ዓይኑ ተበስቷል ተብሎ ከተጠረጠረ ፍንጣሪውን ለማውጣት መሞከር፣ ዓይኑን መጫን ወይም ቅባት መጨመር አይገባም። ዓይኑን በማይነካ ጠንካራ መሸፈኛ ሸፍኖ በአስቸኳይ ወደ ዓይን ሐኪም መላክ ያስፈልጋል።

የእንጨት ወይም የቅጠል ጭረት ደግሞ ሌላ ችግር አለው። ከዕፀዋት የሚመጣ ጉዳት በፈንገስ የሚከሠት የዓይን ብሌን ሽፋን ቁስለት ሊያስከትል ይችላል። በመሆኑም በእንጨት ለተጫረ ቀይ ዓይን ስቴሮይድ ያለበትን ጠብታ መስጠት ቁስለቱን አባብሶ እስከ ዓይነ ስውርነት ሊያደርስ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

ድምፅን በተመለከተ፣ ከ85 ዴሲቤል በላይ ለሆነ ድምፅ በቀን ለ8 ሰዓት መጋለጥ ከጊዜ በኋላ የመስማት ችሎታን ይጎዳል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ያለ ጉዳት የሚቆይበት ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት መሠረት ክብ መጋዝ ሊያወጣው ለሚችለው 100 ዴሲቤል ድምፅ የሚፈቀደው ጊዜ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። በውስጠ ጆሮ ላይ የሚደርሰው ይህ ጉዳት አይመለስም። ከሥራ በኋላ ጆሮዬ ይጮኻል የሚል ሰውም መከላከያ እንዲጠቀም ሊነገረው ይገባል።

የእንጨት ብናኝ

ወለሉ ላይ የሚታየው ሰጋቱራ ያስቸግር እንደሆነ እንጂ ዋናው ጎጂ እርሱ አይደለም። ዋናው ጎጂ በአየር ላይ የሚንሳፈፈውና በተለይ በብርጭቆ ወረቀትና በማለስለሻ ማሽን የሚፈጠረው ደቃቅ ብናኝ ነው። ይህ ብናኝ አፍንጫን፣ ዓይንንና ቆዳን ይቆጣል፤ በአንዳንድ ሰዎችም ላይ አስም ያስከትላል። በሰሜን አሜሪካ የሚበቅለው ቀይ ሴዳር የተባለ ዛፍ ፕሊካቲክ አሲድ በተባለ ንጥረ ነገር አማካይነት አስም እንደሚያመጣ በሚገባ ተጠንቷል።

የአፍንጫ ካንሰርን በተመለከተ የመጀመሪያው ጥርጣሬ የመጣው በእንግሊዝ አገር ከአንዲት የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ምልከታ ነው። ዶክተር ኤስሜ ሃድፊልድ የቤት ዕቃ ፋብሪካዎች በሚበዙባት በሃይ ዊኮምብ አካባቢ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከወትሮው የበዛ የአፍንጫ ካንሰር ሕመምተኛ አዩ። ሕመምተኞቹ በእንጨት ሥራ የተሠማሩ መሆናቸውንም አስተዋሉ። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1968 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ታተመ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት የመጀመሪያ ምድብ ነገሮች መካከል መደበው። በቺፕውድ፣ በኮምፔርሳቶና በኤምዲኤፍ ሙጫ ውስጥ የሚገኘው ፎርማልዲሃይድም እ.ኤ.አ. በ2004 በዚሁ ምድብ ተፈርጇል። ይህ ግኝት የተገኘው ሐኪሟ ሕመምተኛውን ሥራህ ምንድን ነው ብለው በመጠየቃቸው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ካንሰሩ የሚታየው ከብዙ ዓመታት መጋለጥ በኋላ ስለሆነ በዓመት አንድ መደርደሪያ የሚሠራ ሰው ሊሸበር አይገባውም። ይሁን እንጂ በየሳምንቱ በጠባብ ክፍል የሚሠራ ሰውና በዚያው ቤት የሚኖሩ ሕፃናት ሊጠበቁ ይገባል። ሥራው በሚቻል ሁሉ በረንዳ ላይ ወይም አየር በሚገባው ቦታ ቢከናወን ይመረጣል። ወለሉ ከመጠረጉ በፊት ውኃ ይረጭበታል፤ ልብስ ከቤት ውጭ ይራገፋል። በአፍና በአፍንጫ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ወይም ተራ የቀዶ ሕክምና ጭምብል ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም። ፊት ላይ በሚገባ የሚገጥም ኤን 95 ወይም ተመጣጣኝ ጭምብል ያስፈልጋል።

ኬሚካሎችና እሳት

ቫርኒሽ፣ ማቅጠኛ አኳራጅና ኮላ የሚተኑና በቀላሉ የሚቀጣጠሉ ነገሮች ሊኖሯቸው ስለሚችሉ ከሰል በሚነድበት ወይም ቡና በሚፈላበት ክፍል መከፈት የለባቸውም። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ማስቀመጥም ሕፃናትን ለመመረዝ ያጋልጣል። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተከመረ ዘይቱ ከአየር ጋር ሲዋሐድ በሚፈጥረው ሙቀት ብቻ፣ ማንም ሳይለኩሰው፣ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ጨርቁ ከቤት ውጭ ተዘርግቶ ይደርቃል ወይም በውኃ ተነክሮ ይወገዳል።

ከሥራ የተረፈ ንጹሕ እንጨትና ሰጋቱራ ለማገዶ ቢውል ልማድ ነው። ነገር ግን ቀለም ወይም ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት፣ ቺፕውድ፣ እንዲሁም ከምስጥ እንዲጠበቅ በኬሚካል የተነከረ ምሰሶ ስባሪ በምድጃ መንደድ የለበትም። በጭሱም ሆነ በአመዱ ውስጥ መርዛማ ነገሮች ይቀራሉ።

ተጎጂው ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ

የሚደማ ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖና እጁ ከፍ ተደርጎ ይያዛል። የተፈጨ ቡና ወይም አመድ ቁስል ላይ መነስነስ የተለመደ ቢሆንም ቁስሉን ስለሚያቆሽሽ መተው አለበት። እጅ ሳያብጥ ቀለበት ቶሎ መውለቅ አለበት። ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት የእያንዳንዱ ጣት ስሜት፣ የደም ዝውውርና የጅማት እንቅስቃሴ ይመረመራል። ትንሽ መስሎ የሚታይ የመሮ ቁስል ጅማትንና ነርቭን ሙሉ በሙሉ ቆርጦ ሊሆን ይችላልና።

የተቆረጠ ጣት ከተገኘ በንጹሕ ውኃ ወይም በሳላይን ቀስ ብሎ ታጥቦ፣ በሳላይን በረጠበ ጋዝ ተጠቅልሎ፣ በማያስገባ ፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ፣ ከረጢቱ በረዶና ውኃ ባለበት ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። ጣቱ በቀጥታ በረዶ ላይ መቀመጥ ወይም በአልኮል መነከር የለበትም። ያልቀዘቀዘ ጣት እስከ 12 ሰዓት፣ በአግባቡ የቀዘቀዘ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ገደማ ሊቆይ ይችላል። ቆዳ ይዞት የተንጠለጠለ ጣትም ተቆርጦ መጣል የለበትም።

የእንጨት ስንጥር በተለመደው የራጅ ፎቶ ላይ ብዙውን ጊዜ አይታይም። ስለዚህ ራጁ ንጹሕ ነው ተብሎ ስንጥር የለም ማለት አይቻልም፤ አልትራሳውንድ የተሻለ ይረዳል። ስንጥሩ ውኃ ሲጠጣ ስለሚያብጥና ስለሚሰባበር እጁን መዘፍዘፍ አይመከርም። ሳይድን የቆየ ወይም እየተመላለሰ መግል የሚቋጥር ቁስል ውስጥ የቀረ ስንጥር ሊኖር እንደሚችል መጠርጠር ያሻል። ጣት በሙሉ ካበጠ፣ በከፊል ከታጠፈ፣ በመዳፍ በኩል በጅማቱ መሥመር ሲነካ ካመመና ሲዘረጋ እጅግ ካመመ የጅማት ሽፋን መመረዝ ስለሆነ ለቀዶ ሕክምና በአስቸኳይ ይላካል።

ቴታነስ ወይም መንጋጋ ቆልፍ

በኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ቴታነስ መወገዱ እ.ኤ.አ. በ2017 ተረጋግጧል። ይህ ትልቅ ውጤት የተገኘው በተለይ በመውለድ ዕድሜ ላይ የሚገኙ ሴቶችን በመከተብ ነው። በአንጻሩ የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1980 ከመጀመሩ በፊት የተወለዱ፣ ከዚያም በኋላ ቢሆን ክትባቱ ባልደረሰባቸው አካባቢዎች ያደጉ ወንዶች ብዙዎቹ ምንም መከላከያ የላቸውም። በልጅነታቸው የተከተቡትም ቢሆኑ ማጠናከሪያ ካልወሰዱ መከላከያቸው እየቀነሰ ይሄዳል። መጋዝና መሮ የሚይዙት ደግሞ በአብዛኛው እነዚሁ ጎልማሳ ወንዶች ናቸው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ የእንጨት ሥራ ቁስለኛ የክትባት ታሪኩን መጠየቅ ግዴታ ነው። ሦስቱን መሠረታዊ ክትባቶች ላልጨረሰ ወይም ለማያስታውስ ሰው ክትባት ይሰጠዋል። ቁስሉ ጥልቅ ወይም የቆሸሸ ከሆነ ደግሞ 250 ዩኒት የቴታነስ ኢሚዩኖግሎቡሊን በሌላ ክንዱ ይጨመራል። ሦስቱን ለጨረሰ ሰው ቁስሉ የቆሸሸ ከሆነ ከመጨረሻው ክትባት 5 ዓመት፣ ንጹሕና ትንሽ ከሆነ 10 ዓመት ካለፈ ማጠናከሪያ ይሰጠዋል። ለቀሪዎቹ ክትባቶች የሚመለስበት ቀን በካርድ ተጽፎ ካልተሰጠው አይመለስምና ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

ማጠቃለያ

ለጀማሪ ደኅንነት የሚያስፈልገው ብዙ መሣሪያ ሳይሆን በጥቂት መሣሪያ ላይ የሚደረግ ትክክለኛ ጥንቃቄ ነው። እንጨቱ ይታሰር፤ ስለቱ ይሳል፤ እጅ ከስለቱ መንገድ ይራቅ፤ ዓይንና አፍንጫ ይሸፈኑ። እነዚህ አራት ነጥቦች ቁስሉ በሚሰፋበት ሰዓት በአንድ ደቂቃ ሊነገሩ ይችላሉ፤ ሕመሙ ገና ያልበረደለት ሰውም በጥሞና ያዳምጣል።

የጤና ባለሙያው ከዚህ በተጨማሪ ሦስት ጥያቄዎችን ልማድ ቢያደርግ ይጠቅማል። እጁ ለቆሰለ፦ እንጨቱ ታስሮ ነበር ወይስ በእጅ ተይዞ? ለሚያስል፦ ሥራ በማይሠራባቸው ቀናት ሳሉ ይቀንሳል ወይ? በአንድ በኩል አፍንጫው ለሚታፈንና ለሚደማ፦ ሥራው ምንድን ነው፣ ስንት ዓመትስ ሠራ? ከመልሶቹም ለመጀመሪያው ጥያቄ ሞርሳ፣ ለሁለተኛው ጭምብልና ክትትል፣ ለሦስተኛው ወደ አፍንጫ ሐኪም መላክ ይታዘዛል። ቁስሉን ሰፍቶ መላክ የሕክምናው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ያው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያው ጠረጴዛ ሲመለስ እንዳይቆርጠው ማድረግ ነው።